በሩቅ ገጠር የመማሪያ ክፍል ማሠራት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በትውልድ ቀበሌያቸው ክፍል ማሠራት የሚፈልጉ ሰዎች ጥያቄ ይመሳሰላል። አዲስ አበባ ያለውም፣ ዋሽንግተን ያለውም፣ ሪያድ ሠርታ የምትልከውም መጀመሪያ የሚሉት "ስንት ይፈጃል?" ነው። ዋጋው ይደረስበታል። ከዚያ በፊት ግን መመለስ ያለባቸው ነገሮች አሉ። እዚህ ያለው መልስ በዋናነት ለኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ ገጠር ነው። ጥር ላይ አይሱዙ እየተንገጫገጨ የሚገባበት፣ ሐምሌ ላይ ግን በቅሎ እንኳ የምታመነታበት ቀበሌ ማለት ነው።

ከየት ልጀምር?

ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት። መምህር የሚመድበው፣ ደመወዝ የሚከፍለው፣ መጽሐፍ የሚልከው መንግሥት ነው። ጽሕፈት ቤቱ የማያውቀው ክፍል ቆርቆሮው ከሩቅ የሚያብለጨልጭ ባዶ ቤት ሆኖ ሊቀር ይችላል። ስትሄዱ "ምን ልሥራላችሁ?" አትበሉ። እንዲህ ብላችሁ ከጠየቃችሁ ያልታሰበው ሁሉ ይዘረዘርላችኋል። "በዚህ ቀበሌ ምን አቅዳችኋል? የጎደላችሁስ ምንድን ነው?" በሉ።

ከዚያ ወደ ትምህርት ቤቱ ውረዱ። ርዕሰ መምህሩን፣ ወተመህን (ወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት የሚባለውን) እና የቀበሌውን ትምህርትና ሥልጠና ቦርድ አነጋግሩ። የትኛው ልጅ ከየትኛው ጎጥ እንደሚመጣ፣ የትኛው ወንዝ ሲሞላ ስንቱ እንደሚቀር የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የሃይማኖት አባቶችንና የአገር ሽማግሌዎችንም አትለፏቸው። የሕዝቡን ጉልበት የሚያንቀሳቅሰው የእነሱ ቃል ነው።

አዲስ ትምህርት ቤት ልክፈት ወይስ ያለውን ላስፋፋ?

አብዛኛውን ጊዜ ያለውን ማስፋፋት ይሻላል። አዲስ ትምህርት ቤት አዲስ ርዕሰ መምህር፣ አዲስ በጀት፣ ፈቃድና መሬት ይጠይቃል። ያለው ግቢ ውስጥ የሚጨመሩ ሁለት ክፍሎች ግን በፈረቃ የሚማሩትን ልጆች በማግሥቱ ያገናኛሉ።

ለአንደኛ ደረጃ የተቀመጠው መመዘኛ በአንድ ክፍል 50 ተማሪ ነው። ገጠር ስትሄዱ ከዚያ በላይ ታጭቀው ማየት ብርቅ አይደለም። በተለይ የቅድመ አንደኛ ሕፃናትን የት እንዳስቀመጧቸው ተመልከቱ። ክፍል ሲጠብ መጀመሪያ ወደ ዛፍ ጥላ ወይም ወደ ዳስ የሚወጡት እነሱ ናቸው። ማንም ስለነሱ አይጮህም።

አዲስ መክፈት ተገቢ የሚሆነው ርቀቱ ሲበዛ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ገደል ወርዶ ወንዝ ተሻግሮ የሚማርበት ቦታ ከሆነ፣ አማራ ክልል ውስጥ "ሳተላይት" የሚሉት ዓይነት ትንሽ ትምህርት ቤት በጎጡ ይሠራል። እዚያ እስከ አራተኛ ይማርና ጉልበቱ ሲጠና ወደ ዋናው ይሻገራል።

ቦታ ሲመረጥ ምን ልይ?

መጀመሪያ ወረቀቱን። "መሬቱን ለልጆቻችን ሰጥተናል" የሚል የስብሰባ ንግግር ደስ ይላል፤ ግን በቂ አይደለም። መሬቱ የገበሬ ይዞታ ከሆነ በደብተሩ ላይ ተቀንሶ፣ ምትክ ወይም ካሳ ተሰጥቶት፣ በቃለ ጉባኤ ተፈርሞ ወደ ትምህርት ቤቱ ይዙር። አለዚያ ሰውየው ሲያልፍ ልጆቹ ድንበር ይዘው ይመጣሉ። እነሱም አይፈረድባቸውም።

ቀጥሎ አፈሩን። ጥቁር መረሬ አፈር ክረምት ይነፋል፣ በጋ ይሰነጠቃል። በላዩ ያረፈውን ግድግዳም አብሮ ይሰነጥቀዋል። ከተቻለ ሽሹት። ካልተቻለ ጥቁሩ አፈር አልቆ ጠንካራው መሬት እስኪገኝ ይቆፈር። ጎርፍ የሚወርድበትን አቅጣጫም ክረምቱን እዚያ የከረመ ሰው ይንገራችሁ። በጋ ላይ ሁሉም ሜዳ ደህና ይመስላል።

የክፍሉ ረጅም ጎኖች ወደ ሰሜንና ደቡብ ይዙሩ፤ መስኮቶቹም በሁለቱም ጎን ይሁኑ። እንዲህ ከሆነ የጠዋትም የማታም ፀሐይ ልጆቹን ፊት ለፊት አትወጋም፤ ነፋስም ያልፋል። ምንም ወጪ የለውም። የሚገርመው ግን ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይኼው ነው፤ ሰው ሁሉ በሩ ወደ መንገድ እንዲታይለት ይፈልጋል።

ጭቃ ይሻላል ወይስ ብሎኬት?

በጣም የሚያከራክረው ጥያቄ ይኼ ነው። ከተሜው ገና ከመጀመሪያው "ብሎኬት!" ይላል። እስቲ እንየው።

የእንጨትና ጭቃ ክፍል የሚሠራው ሁሉም በሚያውቀው መንገድ ነው። ባሕር ዛፍ ይተከላል፣ በማገር ይያያዛል፣ ጭድ ገብቶበት ለቀናት የቦካ ጭቃ ይመረግበታል። እንጨቱም ጭዱም ከቀበሌው ይገኛል። ሙያውም እዚያው አለ። የዚህ ቤት ድካም እግሩ ላይ ነው። መሬት ውስጥ የተቀበረውን እንጨት ምስጥ ይበላዋል፤ ያልበላውን እርጥበት ያበሰብሰዋል። ግድግዳው ደህና መስሎ ቆሞ ሳለ ከታች ቋሚው በጣት የሚፈረፈር ሆኖ ታገኙታላችሁ። ገበሬው የእንጨቱን እግር የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚቀባው ለዚህ ነው። ጥቂት ዓመት ይገዛል እንጂ አያድንም። የሚያድነው ቋሚውን ከመሬት ማንሳት ነው። ከመሬት በላይ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ከፍ ያለ የድንጋይ መሠረት ይሠራና እንጨቱ በዚያ ላይ ይቆማል። ጣሪያው ደግሞ ግድግዳውን እንዲያጠላው ወጣ ብሎ ይሠራል። እንዲህ የተሠራ ጭቃ ቤት በየዓመቱ ከተመረገ ዕድሜው ረጅም ነው።

ብሎኬት ጥሩ ነው፤ ችግሩ መንገዱ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። 7 በ8 ሜትር የሆነ አንድ ክፍል ዙሪያው 30 ሜትር ነው። ቁመቱ 3 ሜትር ቢሆንና በርና መስኮቱ ቢቀነስ ወደ 75 ካሬ ሜትር ግድግዳ ይቀራል። በካሬ 12 ተኩል ብሎኬት ሲያዝ፣ የሚሰበረው ታስቦ አንድ ሺህ ገደማ ብሎኬት ያስፈልጋል፤ ለአንድ ክፍል ብቻ። ሲሚንቶ በአህያ ይሄዳል። ብሎኬት ግን በዚያ አቀበት ላይ በአህያ ጀርባ የሚሄድ ዕቃ አይደለም። ስለዚህ ወይ መንገድ ይኖራል፣ ወይ አሸዋውና ጠጠሩ አቅራቢያ ተገኝቶ እዚያው ይመረታል።

ድንጋይ የሞላበት አገር ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ማሰብ አያስፈልግም። ጠራቢ ካለ የድንጋይ ግንብ ሁሉንም ያስከነዳል።

ጭቃ የድህነት ምልክት ነው ለሚል ሰው ጋንዶን ልጥቀስለት። ጋንዶ ቡርኪና ፋሶ ውስጥ ያለች ትንሽ መንደር ናት። የመንደሯ ልጅ ፍራንሲስ ኬሬ በርሊን ውስጥ አርክቴክቸር እየተማረ ገንዘብ አሰባስቦ በ2001 እ.ኤ.አ. ትምህርት ቤት አሠራላት። ግድግዳው ጥቂት ሲሚንቶ የተቀላቀለበት የጭቃ ጡብ ነው። የሠራውም የመንደሩ ሰው ነው። ያ ትምህርት ቤት በ2004 የአጋ ካን የአርክቴክቸር ሽልማትን አገኘ። ኬሬ ራሱ በ2022 ፕሪትዝከር የሚባለውን ታላቅ የአርክቴክቸር ሽልማት ተሸለመ፤ ከአፍሪካ የመጀመሪያው ነው።

የኔ አቋም እንዲህ ነው። ገንዘባችሁ ትንሽ ከሆነ መሠረቱና ጣሪያው ላይ አውሉት። ግድግዳውን ሕዝቡ በሚያውቀው ነገር ይሥራው። ግድግዳ ቢፈርስ ይመረጋል፤ መሠረት ግን ካረፈ በኋላ አይነካም።

ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ ምን ችግር አለው?

ሦስት ነገር አለው፦ ሙቀት፣ ጩኸትና ነፋስ።

ቆላ ላይ እኩለ ቀን ሲሆን ቆርቆሮ ሥር መቀመጥ ምድጃ አጠገብ እንደመቀመጥ ነው። ደጋ ላይ ደግሞ በረዶ ሲጥል መምህሩ ጠመኔውን አስቀምጦ ዝናቡ እስኪያባራ ይጠብቃል፤ ቢጮህም የሚሰማው የለም። ለሁለቱም መፍትሔው ኮርኒስ ነው። ችፑድ ከተወደደ ሰሌንም፣ ጭቃ የተመረገ የሸምበቆ ርብራብም ይሠራል። ጋንዶ ላይ ቆርቆሮው ከጭቃ ኮርኒሱ በላይ በብረት ከፍ ተደርጎ ተሰቅሏል። በመካከሉ ነፋስ እያለፈ ሙቀቱን ይዞት ይወጣል።

ነፋሱን ግን አትናቁት። ቆርቆሮ ስትገዙ ጌጁን ጠይቁ። ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ቆርቆሮው ይሳሳል፤ 35 ጌጅ ከ28 ጌጅ የሳሳ ነው። ነጋዴው "ያው ነው" ቢላችሁ ያው አይደለም። ምስማሩ ከነጎማው ይመታ። ከሁሉ በላይ የጣሪያው እንጨት ከግድግዳው ጋር በብረት ወይም በወፍራም ሽቦ ይታሰር። በሚያዝያ አውሎ ነፋስ ጣሪያው የተነሣ ትምህርት ቤት ሄዳችሁ ብታዩ፣ ብዙ ጊዜ ቆርቆሮው ከእንጨቱ ጋር እንደተያያዘ አንድ ላይ ነው የሄደው። ሁሉም ተመትቷል፤ ከግድግዳው ጋር ያሰረው ግን የለም።

ወለሉን አፈር ብንተወውስ?

አትተዉት። ደረቅ አቧራ የሙጃሌና የቁንጫ ቤት ነው። በባዶ እግሩ የሚመጣ ልጅ ትምህርቱን ትቶ እግሩን ሲያክ ይውላል። ቀጭን ሊሾም ቢሆን ይፈስስ።

መቼ ነው መሥራት ያለብን?

የአገሩን የሥራ ወቅት ጠብቁ። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው፤ ማንም አይመጣም፣ መምጣትም የለበትም። ከጥር እስከ ሚያዝያ ያለው ጊዜ ወርቅ ነው። መንገዱ ደርቋል፤ የገበሬውም እጅ ፈታ ይላል። ግንቦት ላይ ጣሪያው ካልተከደነ ሰኔ ዝናቡ ግድግዳውን ያጥበዋል። ስለዚህ ድንጋይና እንጨቱ እስከ ጥር ተከማችቶ ይቆይ፤ ቆርቆሮውም ዝናቡ ሳይጠጋ ይድረስ።

ውጭ አገር ያለ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ገንዘቡ ተሰብስቦ የሚያልቀው ሰኔ ላይ ይሆንና "ለመስከረም ይድረስ" ይላል። ለመስከረም አይደርስም። ቢደርስም እርጥብ ጭቃ ላይ የተለሰነ ግድግዳ ነው የሚሆነው፤ ልስኑም ቶሎ ይረግፋል።

በኦርቶዶክስ አካባቢ በወር ውስጥ የማይታረስባቸው በዓላት አሉ። በ12፣ በ21፣ በ27 ገበሬው ሞፈር አያነሣም። በእነዚህ ቀናት ለትምህርት ቤት ድንጋይ ማንሳት ይፈቀዳል ወይ የሚለውን የደብሩን አለቃ ጠይቁ። አንዳንድ ቦታ "ለልጆች ነው፣ ይሁን" ይባላል፤ ሌላ ቦታ አይታሰብም። ሙስሊሙ አካባቢ ደግሞ ዓርብንና ረመዳንን አስቡ።

ሕዝቡ ምን ያዋጣል? ጉልበት ብቻ?

ጉልበት "ብቻ" አይባልም። ድንጋይ፣ እንጨት፣ ጭድ፣ ውኃና አሸዋ ማቅረብ ከሥራው ትልቁ ድርሻ ነው። ደቦ የቆየ ነገር ስለሆነ ማስተማር አያስፈልግም። ማደራጀት ግን ያስፈልጋል። ለየጎጡ ቀን ይመደባል፣ ስም ይጠራል፣ የቀረ ይመዘገባል። "ሁሉም ይምጣ" ከተባለ ማንም አይመጣም።

ግንበኛና አናጺ ግን ይከፈላቸው። የባለሙያን ሥራ በነጻ ስትጠይቁ የምታገኙት የነጻ ሥራ ነው።

ሌላው የሚዘነጋው የሴቶቹ ሸክም ነው። ጭቃ የሚቦካበትና ሲሚንቶ የሚጠጣው ውኃ በማን ጀርባ ይመጣል? ወንዙ ሩቅ ከሆነ ለበርሜልና ለአህያ ኪራይ በጀት ያዙ። ለደቦው ዳቦውንና ጠላውን የሚያዘጋጁትም እነሱ ናቸው፤ እህሉንና ጌሾውን ቢያንስ እናንተ ቻሉት።

እሺ፣ ስንት ይፈጃል?

ቁርጥ ያለ ዋጋ እዚህ አልጽፍም። የሐምሌ 2016ቱ የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ከመጣ ወዲህ ካለፈው ዓመት ሰነድ ላይ የተቀዳ የብር ቁጥር የትም አያደርስም። በብር ሳይሆን በዕቃ አስቡ። ስንት ኩንታል ሲሚንቶ፣ ስንት ቆርቆሮ፣ ስንት ሞራሌ፣ ስንት ፓኮ ምስማር? ይህን የዕቃ ዝርዝር የወረዳው መሐንዲስ ያወጣላችኋል። የክልሉ ትምህርት ቢሮ የተዘጋጀ የክፍል ዲዛይን ስላለው ለአዲስ ንድፍ አትክፈሉ። ዝርዝሩ ካለ በኋላ ከሦስት ሱቅ ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) ማሰባሰብ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ዋጋው ተ.እ.ታን ይጨምር አይጨምር ጠይቁ፤ 15 በመቶ ቀላል አይደለም።

ሁልጊዜ አሳንሰው የሚገምቱት ማጓጓዣውን ነው። መኪናው አስፋልቱ የሚያልቅበት ድረስ በአንድ ዋጋ ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ ሹፌሩ መንገዱን አይቶ ሌላ ዋጋ ይጠራል። በዚያ ላይ ማውረጃ አለ። ከዚያ ደግሞ አህያ አለ።

ገንዘቡን ለማን ልላክ?

ለአንድ ሰው አትላኩ፤ የአጎት ልጅም ቢሆን። በተለይ የአጎት ልጅ ከሆነ! ገንዘብ ሲጎድል የሚፈርሰው ክፍሉ ብቻ አይደለም፤ ዘመድነቱም ነው። በትምህርት ቤቱ ስም በጣምራ ፊርማ የሚንቀሳቀስ ሒሳብ ይከፈት። ርዕሰ መምህሩ፣ ከወተመህ አንድ ሰውና ከእናንተ ወገን አንድ ተወካይ ይፈርሙ። ከወረዳው ጋር ማን ምን እንደሚያደርግ የሚዘረዝር የስምምነት ሰነድም ይኑር። በቋሚነት ከብዙ ሰው ገንዘብ ልሰብስብ ካላችሁ ደግሞ በማኅበር ተመዝገቡ፤ አገር ውስጥ ያለው ሕግ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው።

ክፍያው በደረጃ ይሁን፦ መሠረት ሲያልቅ፣ ግድግዳ ሲያልቅ፣ ጣሪያ ሲያልቅ። የመጨረሻው ክፍያ በርና መስኮቱ ተገጥሞ ከታየ በኋላ ነው። ፎቶ በቴሌግራም ሲላክላችሁ ሰው አጠገቡ ይቁምበት። የመሠረት ጉድጓድ ለብቻው ሲነሣ ሁሉም ጥልቅ ይመስላል። ሰው ሲገባበት ግን ጉልበቱ ጋ ይድረስ ወገቡ ጋ ይታያል።

አካባቢው ሰላም ካልሆነስ?

ዕቃ አታከማቹ። የምትሠሩትን ያህል ብቻ እየገዛችሁ ሂዱ። ከሁሉም ወገን ሰው የሚያውቀውና የሚያከብረው ሽማግሌ በኮሚቴው ይኑር። መንገድ ሲዘጋ ሥራው ይቁም፤ ማንም በቆርቆሮ ምክንያት መሞት የለበትም።

ሽንት ቤት የኛ ሥራ ነው?

ነው። ሁለት ክፍል ጨምራችሁ መቶ ልጅ ካመጣችሁ መቶ ልጅ የት ይቀመጣል? የዓለም ጤና ድርጅት መመዘኛ ለ25 ሴት ልጆች አንድ መቀመጫ፣ ለ50 ወንዶች ደግሞ አንድ መቀመጫና የመሽኛ ቦታ ይላል። የሴቶቹና የወንዶቹ ተራርቆ ይሠራ። የሴቶቹ በር ከውስጥ የሚቆለፍ ይሁን። አቅም ካለ የሚታጠቡበት አንድ ክፍል ከነውኃው ይጨመር። ከአምስተኛ ክፍል በላይ ያሉ ልጃገረዶች በወር ውስጥ ለምን እንደሚቀሩ እናቶችን ጠይቁ፤ ይነግሯችኋል።

ክፍሉ አለ፣ መምህሩ ግን አይቆይም። ምን ይደረግ?

ይህን የሚጠይቅ ሰው አገሩን ያውቃል ማለት ነው። መምህር ተመድቦ ይመጣል፤ የሚከራይ ቤት የለም። የገበሬ ጓዳ ውስጥ ይጠጋል፣ ወይም ከከተማ ይመላለሳል። ሰኞ አርፍዶ ይገባል፣ ዓርብ በጊዜ ይወጣል። ዝውውር በመጣ ቁጥር ስሙን የሚያስገባው ይኼ ሰው ነው። እኔ ብሆንም አስገባለሁ።

ስለዚህ በጀታችሁ ለሦስት ክፍል የሚበቃ ከሆነ ሁለት ክፍልና የመምህራን መኖሪያ ሥሩ። አንድ ረድፍ፣ አራት ትንንሽ ክፍል፣ ማብሰያና ሽንት ቤት ያለው። ትንሽ የፀሐይ መብራት ቢኖረው ደብተር ማታ ይታረማል፣ ስልክም ይሞላል። ለጋሾች ይህን አይወዱትም፤ ሪባን የሚቆረጠው ክፍል በር ላይ ነውና። እናንተ ግን የቀበሌው ልጆች ናችሁ።

ዴስክና ሰሌዳስ?

ሦስት ልጅ የሚይዝ ኮምባይንድ ዴስክ በወረዳው ከተማ አናጺ ይሠራል፤ ከአዲስ አበባ አታስጭኑ። ለትንንሾቹ ቁመቱ ይቀነስ። ሰሌዳው ግድግዳው ላይ በሲሚንቶ ተለስኖ የሰሌዳ ቀለም ይቀባ። አይነቀልም፣ አይሰረቅም።

ከተሠራ በኋላ ማን ይጠግነዋል?

ይህ ሳይመለስ መሠረት አይቆፈር። የመንግሥት ድጎማ ለትምህርት ቤቱ ይመጣል፤ ግን ጠመኔውም፣ ወረቀቱም፣ ሁሉም ከዚያችው ነው። ብዙ የገጠር ትምህርት ቤቶች የውስጥ ገቢ የሚያገኙት ከግቢያቸው ሣር ሽያጭና ከባሕር ዛፍ ነው። ክፍል ስትሠሩ በግቢው ዳር ባሕር ዛፍ አስተክሉ፤ ከክፍሉና ከውኃ ምንጩ ግን ይራቅ። ሲደርስ ይሸጣል፤ ለጣሪያውም መቀየሪያ እንጨት ይሆናል።

በየዓመቱ ግንቦት ላይ አንድ የደቦ ቀን ይወሰን። ግድግዳው ይመረግ፣ የላላው ምስማር ይመታ፣ የጎርፍ ቦዩ ይጠረግ።

በክፍሉ ላይ የለጋሹ ስም ይጻፋል?

ይጻፋል፣ ነውር የለውም። ድንጋይ የተሸከሙት ጎጦች ስምም አብሮ ይግባ። ጽሑፉ በዘይት ቀለም ይሁን፤ የውኃ ቀለም በአንድ ክረምት ይለቃል።